እንደምን አደሩ የሚለው ኤጀንሲ

የዋርካ ከተማ ሰማይ በዚያ ጠዋትም እንደወትሮው እየታጠበ ነበር። አቧራ ጠራጊዎቹ ማሽኖች ከተማዋን ሙሉ በከደነው ትልቅ ጣራ ላይ እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ይድሃሉ። ከጣራው በላይ የአፋር ፀሐይ ድንጋይ ትሰነጥቃለች፤ ከሥሩ ያለው ሕዝብ ግን ጋቢ ደርቦ ይሄዳል። እታገኝ ቀና ብላ አየችና ወደ ወንፊቷ ተመለሰች።

ወንፊት ማለት ወደ ከተማዋ የሚገባውን ኢሜይል ሁሉ ነፍቶ አጭበርባሪውን የሚያስቀር ማሽን ነው። በዚያ ዘመን ኢሜይል አይነበብም፤ ከግድግዳው ውስጥ ይናገራል፣ ሰውም በአፉ ይመልስለታል። ማሽኑ የተጠራጠረውን ለእታገኝ ይልካል፣ እሷ አዳምጣ ትፈርዳለች። አንዱ ከግብር ቢሮ ነኝ፣ እስከ ማታ ካልከፈሉ ቤትዎ ይታሸጋል ይላል። ሌላው ከፍርድ ቤት ነኝ ብሎ የምስጢር ቃል ይጠይቃል። ለእሷ ይህ ሁሉ ሳቅ ነው። እውነተኛ መሥሪያ ቤት አያጣድፍም፣ የምስጢር ቃልም አይጠይቅም። የጠረጠሩትን ሳይነኩ ትቶ፣ ኢሜይሉ በሰጠው ሳይሆን ራስ በሚያውቁት ቁጥር ደውሎ ማጣራት ነው። ይህን ለጎረቤቱ ሁሉ አስተምራለች። እናቷን ወይዘሮ ጠጂቱንማ ከመነዝነዟ ብዛት፣ ምክርሽ በሕልሜም እየመጣ አላስተኛኝ አለ ብለዋታል።

ረፋዱ ላይ የምሥራቅ በር ኃላፊው አቶ ሽባባው ደወሉና እናትሽ ቤት ናቸው ወይ ብለው ጠየቋት። ለቅሶ ሊደርሱ ጎሕ ሲቀድ ከጣራው ውጭ ወደ ጎረቤት መንደር እንደሄዱ ነገረቻቸው።

"እንግዲያውስ እታገኝ፣ ዛሬ ሁለት እናት አለሽ" አሉ አቶ ሽባባው። "የትኛዋ ያንቺ እንደሆነች እንጃ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የዋርካ በር የሚከፈተው በድምፀ ቁልፍ ነው፤ ሰው ስሙን ሲጠራ በሩ በድምፁ ያውቀዋል። መልክማ ከመታመን ከወጣ ቆይቷል፣ ማንም ይሠራዋል። ወይዘሮ ጠጂቱ ከለቅሶ ተመልሰው ስማቸውን ቢናገሩ፣ በሩ ቀድመው ገብተዋል ብሎ እምቢ አለ። በዚያው ሰዓት አንዲት ሴት በእሳቸው ድምፅ ከከተማው ውስጥ ደውላ፣ ቤቴ ለሌላ ሰው ይዛወርልኝ እያለች ነው። ከበሩ ውጭ ደግሞ ፀሐይዋ እየበረታች ነው። እስከ ቀትር እዚያ የቆየ ሰው አይተርፍም።

እታገኝ መጀመሪያ የእናቷን ድምፀ ቁልፍ አገደች፣ ቤቱ እንኳ እንዳይሄድ። ከዚያ የኢሜይል ሳጥናቸውን ከፈተች። አንድ ላኪ በየማለዳው ይመጣ ነበር።

"ከነዋሪዎች ኤጀንሲ ነው። እንደምን አደሩ ወይዘሮ ጠጂቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነልዎ?"

በቃ፣ ይኸው ነው። አያጣድፍም፣ አያስፈራራም፣ ምንም ስጡኝ አይልም። አድራሻው የኤጀንሲው አልነበረም፤ ወንፊቱ ግን ምንም ያልጠየቀን ኢሜይል እስከ አድራሻው ድረስ አይመረምርም። እንዲያ ብላ ያዘዘችው ራሷ እታገኝ ናት።

እናቷም መልሰዋል። ሰላምታ እንዴት ሳይመለስ ያድራል? እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ እናንተስ፣ ልጆቻችሁስ ብለው ይጀምራሉ። አንድ ቀን ስለ ጉልበታቸው፣ ሌላ ቀን ስላዩት ሕልም፣ ሌላ ቀን ደግሞ ልጃቸው ሥራ ስለሚበዛባት እንደማይቀየሟት ያወራሉ። ሌባው የሚፈልገው ይህንኑ ድምፅ ነበር። በየማለዳው እፍኝ እፍኝ እየዘገነ ሙሉ ሴት ሠራ።

እታገኝ ራሷ በምታውቀው ቁጥር ወደ ኤጀንሲው ደወለች።

"ሰላምታ? እኛ?" አለች ያነሳችው ሠራተኛ። "እኅቴ፣ ይኸ መሥሪያ ቤት ለማንም ሰላምታ ልኮ አያውቅም።"

ቀልድ መስሏት ነበር። መዝገቡን ስታገላብጥ ግን ድምፅዋ ተለወጠ። ያው ሰላምታ በሽማግሌና በባልቴት ቤት ሁሉ ገብቶ ኖሯል። ማስጠንቀቂያው አሁኑኑ ለከተማው እንደሚነገር ገለጸችና፣ ስለ እታገኝ እናት ግን ዋስ ያስፈልጋል አለች። የሥጋ ዘመድ ሁለቱን ድምፅ ሰምቶ እውነተኛዋን ይለያል፣ በሩ ለእሷ ይከፈታል፤ አለዚያም ራሱ ወጥቶ በእጁ ይዞ ያስገባል።

አቶ ሽባባው ከበሩ ሆነው የሁለቱንም ድምፅ አሰሟት።

"እታገኝዬ፣ እንዴት አረፈድሽ ልጄ? ሥራሽስ እንዴት ነው? እህል ቀመስሽ ወይ?" አለች አንደኛዋ።

"ምን ትጠብቂያለሽ? አስከፍቺልኝ እንጂ፣ ራሴን እያዞረኝ ነው" አለች ሁለተኛዋ።

እናቷ ሰላምታ ሳያስቀድሙ ተናግረው አያውቁም። እታገኝ የመጀመሪያዋ ናት ልትል አፏን ከፈተች። ወዲያው ግን ቃሏን ዋጠችው። ሌባው የሰረቀው ሰላምታቸውን አይደል? ለእሷ የሚያቀርብላት ሌላ ምን አለው? ሁለተኛዋ ትሁን ብላ ደግሞ ተጠራጠረች፤ ሌባ ይህንንም አስቦ ቢሆንስ? የእናቷ ድምፅ ሲደነግጥ እንዴት እንደሚሆን ለማስታወስ ሞከረች። ምንም አልመጣላትም። ስንት ጊዜ ሆናት፣ አጭር መልእክት እየላከች ካለፈች? ወልዳ ያሳደገቻትን ሴት ከተሠራ ድምፅ መለየት አቃታት።

"አለየኋትም" አለች። "ሄጄ በእጄ ይዤ አስገባታለሁ።"

አቶ ሽባባው ከጣራው ውጭ ወጥታ እንደማታውቅ ያውቃሉና ሊያስጠነቅቋት ሞከሩ። አልሰማቻቸውም።

በባቡሩ ውስጥ ግድግዳው ሁሉ ይናገራል። ከመንግሥት ነኝ ብሎ ሰላም ለሚልዎ አይመልሱ፤ ማንነቱን ሳያረጋግጡ ለማንም ሰላምታ አይመልሱ። በአንዱ ጣቢያ አንድ አዛውንት ገብተው እንደ ልማዳቸው ባርኔጣቸውን ከፍ አደረጉ። የተሳፈረው ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። እሳቸውም ባርኔጣቸውን መልሰው፣ እንዳጠፋ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ።

የምሥራቅ በር ሲከፈትላት ወላፈኑ ፊቷን ለበለባት። ወይዘሮ ጠጂቱ በግንቡ ጥግ፣ ጥላው እያጠረባቸው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ቁጭ ብለዋል። ውኃቸው አልቆ እቃው አጠገባቸው ተጋድሟል። በራሳቸው ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ያንኑ ማስጠንቀቂያ ይደጋግማል፤ መነገር ከጀመረ አንስቶ ሲሰሙት ቆይተዋል።

"እማዬ፣ እንዴት ነሽ?"

ቀና ብለው አዩዋት። የደረቀው ከንፈራቸው ተላቀቀ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተመልሶ ገጠመ።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ። እንዴት ነሽ?"

በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን እንደ ዓይነ ስውር ዳሰሱ፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ የጆሮዋን ሥር። አንገቷን አሸተቱ። ከዚያ እሷን ተመርኩዘው ተነሡ።

እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ቅዝቃዜው ገቡ። እታገኝ እያለቀሰች ለሦስተኛ ጊዜ ደህና ነሽ ወይ አለቻቸው። ወይዘሮ ጠጂቱ ግድግዳውን አዩ፣ ጣራውን አዩ፣ ምንም አልመለሱም። እጇን ብቻ እስኪያማት ድረስ ጨበጡት።