ከሰልፉ የተረፈው ቃል

ፈቃደ ሞቶ የተገኘው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ ነው። እሱ ከወደቀበት ቦታ እስከ ልጆቹ ሰልፍ ስምንት እርምጃ አይሞላም፤ የሚለያቸው አንድ ሰማያዊ ሸራ ብቻ ነበር።

ዕለቱ የዒድ ማግስት ነው። ፈቃደ በኬንያዋ ሞያሌ ሆቴል ያለው፣ ከደገኛ ነጋዴዎች ቤት የተወለደ ሰው ነበር። በዚያ ዓመት ከናይሮቢ ያገለገለ የመጫወቻ መንኮራኩር ገዝቶ ኳስ ሜዳው ላይ አስተከለ። ስምንት ወንበሮች አሉት፤ አናቱ ላይ ሲደርሱ ከድንበሩ ማዶ ያሉት የቆርቆሮ ጣራዎች ሁሉ ይታያሉ። ከተማዋ እንዲህ ያለ ነገር አይታ ስለማታውቅ ሰልፉ ከጠዋት ጀምሮ አልተቋረጠም። አዋቂውም ከልጁ እኩል ነበር የሚጋፋው።

ኢንስፔክተር ነጅዋ ስትደርስ ፖሊሱ ዶቃታ ሸራውን ገልጦ አስገባት። የሸራው አጥር ጄኔሬተሩንም የመንኮራኩሩንም እግር ይከልላል፤ ውስጡ ለሰልፈኛው አይታይም።

«ማን አገኘው?»

«ሚስቱ፣ ማህሌት። ጄኔሬተሩ እንዲቀዘቅዝ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጥፍተውት ነበር። ዘጠኝ ተኩል ሆኖ ሰው ‹አስነሱ እንጂ› ብሎ ሲጮህ ባሏን ልትጠራ ገባች።»

ነጅዋ ተንበረከከች። የሟቹ ጭንቅላት ከኋላ ተፈንክቷል፤ ጄኔሬተሩ የተቀመጠበት የሲሚንቶ ጠርዝም ደም ነክቶታል። አስከሬኑ ግን ከጠርዙ ሥር አልነበረም። ከዚያ ጀምሮ እስከ ሸራው ድረስ አሸዋው ላይ የሰውነት መጎተት ምልክት አለ፤ በሸራው ታችኛው ጫፍ ላይ ደግሞ የደም ጣት አሻራዎች።

«እንደወደቀ አልሞተም» አለች። «ወደ ሰልፉ እየዳኸ ነበር።»

ዶቃታ ወደ ሸራው ዞረ። «ማዶ እኮ ሰው ሞልቶ ነበር።»

የሟቹን እጆች አንድ በአንድ አየች። ከቀኝ እጁ ጥፍሮች ሥር ገና ያልደረቀ ቀይ ቀለም አለ። ኪሱ ውስጥ ስልኩም የኪስ ቦርሳውም በቦታቸው ናቸው። የጄኔሬተሩ ቁልፍ ግን ከማስነሻው ላይም ከኪሱም የለም።

ከዚያ መንኮራኩሩን ዞረችው። የብረቱ ቀለም ሁሉ ፀሐይ የበላው ነው፤ ሦስተኛውን ወንበር በያዘው ክንድ ላይ ግን አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ በቀይ ያብረቀርቃል። ነካችው፤ ጣቷ ቀላ። በጥፍሯ ብትፍቀው ከሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ወጣ።

«መዶሻ ፈልግና ይህን ቦታ ቀስ ብለህ ምታው» አለችው ዶቃታን። «የሆነውን ትነግረኛለህ።»

ማህሌት ትኬት በምትሸጥበት ድንኳን ውስጥ ተቀምጣለች። የሰባት ዓመት ልጇን ሳምሪን ጎረቤት ወደ ቤት ወስዳታል።

«በዚያ ግማሽ ሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚችው መስኮት ላይ። ሰው ሁሉ ያየኛል።»

«ባለቤትዎ ጠበኛ ነበራቸው?»

«አብዱብ አለ፣ የልጆች ኳስ አሠልጣኙ። ሜዳችንን ቀማኸን ብሎ ትናንት ሰው ፊት ዝቶበታል። ‹ይህን ብረት አቆመዋለሁ› ነው ያለው።»

አብዱብ አልካደም። የስምንት ዓመት ልጁን ኢክራንን እጇን ይዞ ቆሟል።

«ብያለሁ፣ ኢንስፔክተር። ዛሬ ግን ይቺ ጎትታ አመጣችኝ። ምን ላድርግ? በጠላሁት ብረት ላይ ላወጣት ተሰለፍኩ።»

«ከሰልፉ ወጥተው ነበር?»

«ጤናዬ ታስወጣኛለች? ‹ሳሙና› ማለት ረስቼ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ፊት አስጨፈረችኝ።»

ጤናዬ ሰልፈኛው እንዳይሰለች ፈቃደ የቀጠራት ወጣት ናት። እንቆቅልሽ ትጠይቃለች፣ ታዘፍናለች፣ የሚያለቅስ ሕፃን ታባብላለች። የድምፅ ማጉያው አሁንም አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ምን ነበር የምታጫውቻቸው?» አለቻት ነጅዋ።

«የገበያ ጨዋታ። አንዱ ‹ሞያሌ ገበያ ሄጄ ፍየል ገዛሁ› ይላል። ቀጣዩ ፍየልን ደግሞ የራሱን ይጨምራል። እንዲህ እያለ ይሄዳል፤ ሰልፉም አብሮ ይደግማል። የረሳ ይጨፍራል።»

«ስንት ሰው ተጫወተ?»

«ከመግቢያው ገመድ ጀምሮ አሥራ ሁለት።»

«ማን ጀመረ?»

ጤናዬ የማጉያውን ማንጠልጠያ ነካካች። «ጌድዮን። ፉንዲው። ገመዱን ይዞ መግቢያው ላይ ቆሞ ነበር።»

ጌድዮን ፉንዲ የሚባለው መንኮራኩሩን ስለሚያንቀሳቅስና ስለሚጠግን ነው። ሳይጠየቅ ተናገረ።

«ከመግቢያው አልተነቃነቅኩም። ጨዋታውንም የጀመርኩት እኔ ነኝ። ‹ገመድ› ነው ያልኩት።»

«መንኮራኩሩ ደህና ነው?»

ጫማውን አየ። «አሮጌ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

ነጅዋ ወደ ኢክራን ተመልሳ ቁጢጥ አለች። ልጅቷ በዒድ ቀሚሷ ላይ አቧራ ለብሳለች፤ ተራዋ መቼ እንደሚደርስ ነው የጨነቃት።

«ገበያ ሄደሽ ምን ምን ገዛሽ?»

ኢክራን ትንፋሽ ሳትወስድ አወረደችው። «ሞያሌ ገበያ ሄጄ ፍየል፣ ሳሙና፣ ኳስ፣ ጃንጥላ፣ ስኳር፣ ድስት፣ ጫማ፣ ማበጠሪያ፣ ውሃ፣ ብርድ ልብስ፣ መስታወት፣ ሻማ፣ ገመድ ገዛሁ!»

«ጎበዝ! ፍየል የማን ነው?»

«የሳምሪ። እሷ ናት አንደኛ። ሳሙና የእኔ፣ ኳስ የአባዬ።» እስከ ሻማ ያሉትንም ባለቤቶች በጣቷ እያሳየች ቆጠረች።

«ገመድስ?»

«የፉንዲው። መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። ላብ በላብ ሆኖ ነበር።»

«ውሃን ግን ዘለልሽው። የማን ነው?»

ልጅቷ አሰበች። «የማንም አይደለም። ከሸራው ጀርባ ነው የመጣው። አንድ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ‹ውሃ› አለ። ጤናዬ ‹ከጀርባም ተጫዋች አለን!› አለችና ሁላችንም ተቀበልነው።»

ነጅዋ ተነስታ ወደ ሸራው ሄደችና የደም አሻራዎቹን ደግማ አየች። በኋላ ሌሎች ሁለት ልጆችን ለየብቻ ጠየቀች። ሦስቱም ያሉት ሳይዛነፍ አንድ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አራቱን በትኬቱ ድንኳን ሰበሰበቻቸው። ልጆቹ ውጭ ቀሩ። ዶቃታ መዶሻውን እንደያዘ ገብቶ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገራትና በሩ ላይ ቆመ።

«አቶ ፈቃደን የጣላቸው ሰው ስልክ አልነካም፣ ኪስ አልነካም» ብላ ጀመረች። «የወሰደው የጄኔሬተሩን ቁልፍ ብቻ ነው። ያ ሰው የፈለገው መንኮራኩሩ እንዳይዞር ነው።»

ሁሉም አብዱብን አዩት።

«እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እርሳቸውን ነበር። ግን ‹ኳስ› ሦስተኛ ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ የተጫወቱት ሁሉ አቶ አብዱብን ከልጃቸው ጋር ቆመው፣ ሲጨፍሩም አይተዋል። ወይዘሮ ማህሌትም ከመስኮቱ አልጠፉም።»

«ታዲያ ማን ነው?» አለች ማህሌት።

«በሟቹ ጥፍር ሥር እርጥብ ቀይ ቀለም አለ። በሦስተኛው ወንበር ክንድ ላይም እንደዚሁ። ከቀለሙ ሥር ብረቱ ተሰንጥቋል። አቶ ፈቃደ በዕረፍቱ ሰዓት ስንጥቁን ቀቡት እንጂ አልጠገኑትም። አሁን ዶቃታ በመዶሻ ቀስ ብሎ ቢነካው ክንዱ ተለያይቷል። ይህ ስንጥቅ መኖሩን አሠልጣኝ አያውቅም፤ ፉንዲ ግን ያውቃል።»

«እኔ መግቢያው ላይ ነበርኩ!» አለ ጌድዮን። «ጤናዬን ይጠይቋት።»

«ጠይቄያታለሁ። አንደኛ ነበር አለችኝ። አንደኛ ከሆንክ ‹ገመድ› ከ‹ፍየል› በፊት መምጣት ነበረበት። ልጆቹ ሁሉ የሚሉት ግን መጨረሻ ላይ ነው። ሁለት ሰው ተማክሮ ሊዋሽ ይችላል። ሰልፍ ሙሉ ሕፃን በቃሉ የያዘውን ተራ ግን ማን ያዛውረዋል?»

ጤናዬ የድምፅ ማጉያውን ከአንገቷ አውልቃ መሬት አስቀመጠችው።

«‹አንደኛ ነበር በይልኝ› ብሎ ለምኖኝ ነው» አለች። «ስምንት ሰዓት ላይ ብረቱ ተሰንጥቋል ብሎ ነግሮኝ ነበር። እኔ ምን አቅም አለኝ? ጋሼ ፈቃደ የማንን ቃል ይሰማል? እየተጫወቱ እስከቆዩ ድረስ መሬት ላይ ናቸው ብዬ ጨዋታውን አስረዘምኩት። የረሳውን ሁሉ ያስጨፈርኩት ለዚያ ነው።»

ጌድዮን ጎንበስ ብሎ ከካልሲው ውስጥ ቁልፉን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ልገድለው አልነበረም። ‹ይኸው ቀባሁት፣ አሁን ምን ይታያል?› አለኝ። ሳምሪ እኮ ፊት ላይ ቆማለች፣ የራስህ ልጅ ናት አልኩት። ‹ደህና ባይሆን ልጄን አሳፍር ነበር?› አለኝ። ከልቡ ነው ያለው፤ ይይዛል ብሎ አምኗል። ቁልፉን ልነጥቀው ስታገል በጀርባው ወደቀ። ይተነፍስ ነበር፤ ዓይኑን ገልጦ አይቶኛል። አሁን ይነሳል፣ ቁልፍ ከሌለው ግን ማስነሳት አይችልም ብዬ ሮጥኩ። መንኮራኩሩን ካመጣው የጭነት መኪና ጀርባ ተደብቄ ቆየሁ። ተመልሼ ላየው ስል ጤናዬ ‹የመጨረሻው ተጫዋች መጣ!› አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መግቢያው ላይ ቆሜ ‹ገመድ› አልኩ።»

«ለምን አልተጣራም?» አለች ማህሌት በድንገት። «በሕይወት ከነበረ ለምን አልጮኸም? ስምንት እርምጃ እኮ ነው! አንድ ሰው ይሰማው ነበር።»

ነጅዋ ይህን ጥያቄ ፈርታው ነበር። ባትመልስ ግን ነገ በፍርድ ቤት፣ በማያውቋት ሰዎች ፊት ይነበብባታል።

«ተጣርተዋል፣ ወይዘሮ ማህሌት» አለች ቀስ ብላ። «የተጫወተው አሥራ ሁለት ሰው ነው። ቃሉ ግን አሥራ ሦስት ነው።»

ቀድማ የገባት ጤናዬ ናት፤ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። አብዱብ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በጣቶቹ ይቆጥር ጀመር። ዘጠነኛው ላይ ቆመ።

«ውሃ» አለ። «እኔ እኮ… ጮክ ብዬ ነው የደገምኩት።»

«ከመንደሩ ጎረምሶች አንዱ መስሎኝ» አለች ጤናዬ። «ጎበዝ አልኩት። ጎበዝ!»

ማህሌት አላለቀሰችም። «እኔም ብያለሁ» አለች። «መስኮቱ ላይ ሆኜ አብሬያቸው እል ነበር። እየሳቅኩ።»

ነጅዋ በአሥራ አንድ ዓመት የምርመራ ሥራዋ እውነቱ ሲወጣ አንዱ ሲጮህ፣ ሌላው እፎይ ሲል ለምዳለች። ዛሬ እፎይ የሚል ሰው አልነበረም። እሷም ራሷ ያወቀችውን ባታውቀው ትመርጥ ነበር።

ዶቃታ ጌድዮንን በክንዱ ያዘው። ማህሌት ተነስታ ፊቱ ቆመች። እጇን አነሳች፤ አየር ላይ ትንሽ ቆየና መልሳ አወረደችው።

«ባሌን ገደለብኝ» አለች ወደ ነጅዋ ዞራ። «ልጄን አተረፈልኝ። ምን እንድለው ነው የሚፈልጉት?»

«ምንም ማለት የለብዎትም።»

«እንግዲያ ምን ላድርግ?»

ነጅዋ ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። «አይዞዎት» እንኳ ማለት አፈረች።

ጌድዮን ሲወሰድ አንገቱን አላቀናም። ጤናዬ ቃሏን ልትሰጥ ከኋላው ተከተለች፤ አብዱብም ልጁን አቅፎ ሄደ። ማህሌት የቀረውን ሰው ልታሰናብት ወጣች። አብዛኛው ወሬውን ሰምቶ ተበትኗል። ገመዱ አጠገብ ግን አንዲት ቦዳቦዳ ሞተር ብስክሌት አሁን ቆማ፣ አንድ ሽማግሌ ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆችን እያወረደ ነው። ቅንድባቸው ሳይቀር ቀይ አፈር ለብሷል።

«እህቴ፣» አላት ሽማግሌው በተሰባበረ አማርኛ፣ «የዚህ ነገር ሰልፍ ከየት ነው የሚጀምር?»

«ዛሬ አይዞርም፣ አባቴ።»

«ነገስ?»

ማህሌት ወደ መንኮራኩሩ ዞረች። ልጆቹ አንገታቸውን ወደ ኋላ ሰብረው ወደ ላይ ያያሉ፤ አንደኛዋ ወንበሮቹን ትቆጥራለች።

«አላውቅም» አለች።

«ግድ የለም» አለ ሰውየው። «ከዳበል፣ ከሩቅ ነው የመጣነው። እንጠብቃለን።»

ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አነጠፈ፤ ልጆቹንም ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ማህሌት አጠገባቸው ቆመች።