ያበጠ ሥር ምላጭ አይወድም

እናንተ ሰዎች፣ እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ሐሜት ነው ካላችሁም ይሁን፤ እግር የሚያድን ሐሜት ነው።

እዚህ ሚዛን ከተማ፣ ጎረቤቴ ሰርካዲስ ፀጉር ቤት አላት። ቀኑን ሙሉ ቆማ ሹሩባ ትሠራለች፤ እኔም ወሬ የምቃርመው እዚያ ነው። በሙቀትም በዝናብም ወፍራም ካልሲ አይለያትም። እኔ ደግሞ የሰው ካልሲ ውስጥ ያለውን ካላወቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። አንድ ቀን ወለል ስታጥብ አየሁት፤ ባቷ ላይ ደም ሥሩ እንደ ሐረግ ተጠማዝዞ አብጧል።

«ማታ ማታ ይከብደኛል፣ እማማ» አለችኝ።

እኛ ሰፈር እንዲህ ሲሆን የሚጠራው በዋግምት ደም የሚያወጣው አስረስ ነው። ቀንዱንና ምላጩን ይዞ ከተፍ አለ።

«መጥፎ ደም ነው የተጠራቀመው። ላውጣልሽ፣ ይቀልሻል።»

ቁርጭምጭሚቷ አጠገብ ገና ነካ ሲያደርገው ደሙ ተፈናጠረ። አልቆም አለ! አስረስ «ቡና አምጡ!» እያለ ይጮሃል። የተፈጨ ቡና ነሰነስንበት፤ ደሙ ቡናውን ይዞት ወረደ። ሰርካዲስ «ዓይኔ ጨለመብኝ» ስትል «ኡኡ!» አልኩ።

ጩኸቱን ሰምታ የገባችው ሐፍሳ ናት፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ። «አስተኟት! እግሯን ወደ ላይ!» ብላ ንጹሕ ጨርቅ አጥፋ ቁስሉ ላይ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። ቆመ።

«ጋሽ አስረስ፣ መጥፎ ደም የሚባል የለም» አለችው። «ሥሩ ውስጥ ደሙን ወደ ላይ የሚያሳልፉ በሮች አሉ። እነሱ ሲላሉ ደሙ ተመልሶ ይወርዳል። ቢበጡት መልሶ ይሞላል። አዲስ አበባ ሥሩን ከውስጥ በሙቀት የሚዘጉ ሐኪሞች አሉ።»

እኔ ተናደድኩ። «እኛ በጋለ ብረት ስንተኩስ ኋላ ቀር፣ እነሱ ሲያቃጥሉ ሕክምና?»

«እናንተ ቆዳ ነዋ የምታቃጥሉት፣ እማማ! እነሱ አደንዝዘው፣ በመርፌ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ በአልትራሳውንድ እያዩ የታመመውን ሥር ብቻ ነው።»

«ከተዘጋ ደሙ የት ይሄዳል?»

«የቴፒ መንገድ በናዳ ሲዘጋ መኪናው የት ይሄዳል?»

«ቆሞ ይውላላ!»

ሳቀች። «ደም አይቆምም። ጤነኛ ሥር ሞልቷል፣ በዚያ ይዞራል።»

ገባኝ? አልገባኝም። ሰርካዲስም ፈርታ ነበር፤ ግን አዲስ አበባ ሄደች። በዚያው በታከመችበት ቀን በእግሯ ሄዳ ነው የወጣችው አሉ። ስትመለስ ባቷን መላልሼ ዳበስኩት፤ ትንሽ በልዟል እንጂ ሐረጉ የለም። ደሙ የገባበትን ግን አጣሁት። ካልሲማ ዛሬም ታደርጋለች፤ ሐኪሙ ያዘዘላት፣ የሚያጠብቅ ነው።

ሰሞኑን አስረስ ግራ ቀኙን እያየ ቤቴ ገባ። ሱሪውን ጠቀለለ። ወይ ጉድ! ከሰርካዲስ የባሰ ሐረግ!

«አንተ! የሰው ስትበጣ ኖረህ የራስህን ለምን አልበጣኸውም?»

«ያማላ!» አለኝ። «ይልቅ ሐፍሳን ጥሪልኝ። ለሰው እንዳትነግሪ።»

ይኸው፣ ነገርኳችሁ። ደሙ በየት እንደሚዞር ዛሬም ግራ ይገባኛል፤ ያበጠ ሥር በምላጭ እንደማይነካ ግን ገብቶኛል። ከደማ እግሩን ከፍ፣ ጨርቁን ጠበቅ፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ። ቡናውንማ ጠጡት።