የጩጬ ፉጨት

ጩጬን ለሞት ያበቃት በሽታ ሳይሆን የየውብዳር ስንፍና ነው። የአሰላ ክረምት ዝናቡ አያባራም፤ የውብዳር ወጥታ ሣር ማጨድ ስለሰለቻት በወተት የራሰ ዳቦ ስታበላት ከረመች። ጩጬ አይጥ የምትመስል የቤት እንስሳ፣ ጊኒ ፒግ ናት፤ የጊኒ ፒግ ጥርስ ደግሞ ማደግ አያቆምም፤ ሣር እያኘከች ካልሞረደችው ይረዝማል። የጩጬ ጥርስ ረዝሞ ረዝሞ ምላሷን ተጫነው። አሁን የጭላሎ ተራራ ሣር ሁሉ ቢመጣላት መዋጥ አትችልም።

«ዘግይተሻል፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሏት ትናንት የከብት ሐኪሙ ዶክተር ከዲሮ፣ አፏን በባትሪ አይተው። «ብቆርጠውም ማደንዘዣውን አትችለውም። በረሃብ ከምትሰቃይ በአንድ መርፌ ሞታ ትረፍ።»

«እሺ፣ ይውጓት።»

«ያንቺ ናት?»

«አይ፣ የጓደኛዬ ናት።»

«እንግዲያው ባለቤቷን ጠይቂና ነገ ጠዋት አምጫት።»

ባለቤቷ ሄለን ናት። እናቷ ነርስ ናቸው፤ ወደ ደሴ ሲዛወሩ ሄለን ጩጬን ከነካርቶኗ ለየውብዳር አደራ ሰጥታ ሄደች። «እስቲ አሳዪኝ» ባለች ቁጥር የውብዳር ጩጬ ደህና ሳለች የቀረጸችውን ቪዲዮ እየመረጠች ትልክላታለች። «ወይኔ፣ ስትወፍር!» ትላለች ሄለን።

ከሁሉ የከፋው ፉጨቱ ነበር። ጩጬ ጤነኛ ሳለች ፌስታል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ምግብ የመጣላት እየመሰላት ታፏጭ ነበር። ካርቶኑ ጸጥ ካለ ሰነባበተ፤ ፉጨቱ ግን የውብዳርን አልለቃትም። የክረምት ትምህርት ክፍል ውስጥ አንዱ ብስኩት ሲከፍት ትሰማዋለች። ባለሱቁ ስኳር ሲቋጥርላት ትሰማዋለች። ዘወር ስትል ምንም የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ሄለን «ጩጬዬስ?» ብላ ጻፈች።

የውብዳር እንደልማዷ አንዱን የድሮ ቪዲዮ ከፈተች። ፌስታል ተንኮሻኮሸ፤ ጩጬ በስልኩ ውስጥ አፏጨች። ይሄኔ ካርቶኑ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። አጥንቷ ብቻ የቀረው ጩጬ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ስልኩ እየተሳበች ነበር። የገዛ ድምጿ ሌላ ጊኒ ፒግ መስሏታል። ለመመለስ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ቪዲዮው አለቀ። እሷ ግን አፍንጫዋን ካርቶኑ ላይ ለጥፋ መጠበቋን ቀጠለች።

«አይጥሽ ነቃች እንዴ?» አለ ታላቅ ወንድሟ ይበልጣል፣ ከአልጋው ሳይነሳ።

«ዝም በል!»

ቪዲዮውን አልላከችውም። ለሄለን ደወለችና ካሜራውን ወደ ካርቶኑ አዞረችው።

ሄለን መጀመሪያ ሳቀች። «ይቺ ደግሞ ማን ናት?»

«ጩጬ ናት።»

«ውብዬ፣ አትቀልጂ እንጂ።»

«አልቀለድኩም። የላክሁልሽ ሁሉ የድሮ ነው። ሣር ማጨድ ሰልችቶኝ ዳቦ ሳበላት ጥርሷ አደገ። መብላት አትችልም። ሐኪሙ በመርፌ ትረፍ ይላሉ፤ አንቺ ካልፈቀድሽ ግን አይወጓትም።»

«ዳቦ እንዳትሰጫት ብዬሽ አልነበር?»

«ብለሽኛል።»

«እኔ ጅሏ ደግሞ ለክፍል ልጆች ሁሉ ቪዲዮውን አሳያለሁ!» ሄለን ንፍጧን ወደ ላይ ሳበች። ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች። «ውሰጃት። ሲወጓት ግን ጥለሻት እንዳትወጪ።»

ስልኩ ተዘጋ።

የውብዳር ያሰበችው ካርቶኑን ለዶክተሩ አስረክባ ለመሮጥ ነበር። ይበልጣል ተነስቶ ጫማውን ማሰር ጀመረ። «ስጪኝ፣ እኔ ላድርሳት» አለ። አላሾፈም።

«አይሆንም። የምይዛት እኔ ነኝ።»

ጩጬን ከካርቶኑ አውጥታ ሹራቧ ውስጥ፣ ደረቷ ላይ አስገባቻት። ክብደት የላትም፤ የልቧ ምት ብቻ ይሰማል። የውብዳር በአንድ እጇ እንዳቀፈቻት ወደ ዝናቡ ወጣችና በሩን ዘጋችው።