ዝም ያለው ማንቂያ

የአለነ አስከሬን ከሰሊጥ መጋዘኑ ደጅ ጆንያ ለብሶ ተጋድሟል። ኢንስፔክተር ውባንች ከመተማ ዮሐንስ ተነስታ ሽንፋ ስትደርስ የጉልበት ሠራተኛው ባየልኝ እጁ በካቴና ታስሮ ቁጭ ብሏል።

«ጠዋት ከአለነ ጋር በሩ ላይ ሲጨቃጨቅ ነበር» አሉ ባለእርሻው አቶ ቸሩ። «ጋዝ የሚያወጣውን የነቀዝ መድኃኒት ትናንት በትኖ የዘጋው እሱ ነው። የጋዝ ማንቂያውንም እሱ ነቅሎት ነው።»

ውባንች ባየልኝን ገለል አደረገችው።

«በምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«አትግባ ብዬው ነው። ‹እህቴ የሠራችው ማንቂያ ዝም ካለ ጋዝ የለም› ብሎኝ ገባ። ሲቆይብኝ ትንፋሼን ውጬ ጎትቼ አወጣሁት። ገመድ አልነካሁም!»

የአለነ እህት ስመኝ ጎንደር ኤሌክትሮኒክስ ተምራ የተመለሰች ናት። ዓይኗ አብጧል።

ውባንች በመስኮቱ አየች። ግድግዳው ላይ ካለችው ትንሽ ኮምፒውተር ሁለት የዩኤስቢ ገመዶች ተዘርግተዋል፤ አንዱ ወደ ጋዝ መለኪያው፣ አንዱ ወደ አለነ ስልክ። ስልኩ ጨልሟል።

«ጋዙ ይውጣ» አለች።

ስመኝ ከደጅ ባለው ማብሪያ የመጋዘኑን ማራገቢያ አስነሳች። ማንቂያው ወዲያው ጮኸ።

«ይኸው፣ ደህና ነው!» አሉ አቶ ቸሩ። «ነቅሎ መልሶ ሰክቶታል።»

ውባንች ግን ከመስኮቱ አልተነሳችም። የአለነ ስልክ በርቷል።

ሁሉንም ኒም ዛፏ ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«አስከሬኑ ከወጣ ወዲህ ማንም አልገባም። ስልኩ ግን ጨልሞ ቆይቶ ማራገቢያው ሲነሳ በራ፤ ማንቂያውም ያኔ ጮኸ። ገመዶቹ እንደተሰኩ ነበሩ፤ የጠፋው ኃይሉ ነው። መድኃኒት ሲበተን ደግሞ ጋዙ እንዲቆይ ማራገቢያው ይዘጋል። ስመኝ፣ ኮምፒውተሯ ዩኤስቢው ኃይል ከየት እንደሚያገኝ በምን ታውቃለች?»

«ዕቃዎቿን በሚገልጽላት ፋይል» አለች ስመኝ። «የትኛው ክፍል ከየትኛው ማብሪያ ኃይል እንደሚያገኝ እዚያ ይጻፋል። ዩኤስቢው ሁልጊዜ ይብራ ብዬ ነበር። ሠራተኞቹ ስልክ እየሰኩ የሶላሩን ባትሪ ጨረሱት። አለነ ሲያማርር ማራገቢያው ሲነሳ ብቻ እንዲበራ በእሱ ማብሪያ ሥር አድርጌ ለወጥኩት… ሞክሬዋለሁ እኮ። ጮኾልኛል።»

«ስትሞክሪው ማራገቢያው በርቶ ነበር?»

ስመኝ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። አቶ ቸሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ውባንች ካቴናውን ፈታች። ስመኝ ቀና ብላ ባየልኝን አየችው።

«ሲገባ ምን አለህ?»

ባየልኝ የእጁን አንጓ አሻሸ።

«ስልኬ ዘጋ፣ ልሰካው ነው ያለኝ፣ እታለም። ሌላ ምንም አላለኝ።»

ውባንች ቀድሞ ለእሷ የነገራትን አስታወሰች፤ አላረመችውም።