ሙሽሪትን ማንም አይግፋት

«ዛሬ ማንም አይገፋትም» አለች ሀዊ። ከመኪናዋ ኋላ ቆማ እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታለች።

ሱራ እጅጌውን እንደጠቀለለ ባለበት ቀረ። ውሃ በጋሪ እያመላለሰ የሚሸጥ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ሰው ነው፤ በሞያሌ ኬንያ በኩል ባለው በሄሉ ሰፈር መኪና በመግፋት የሚስተካከለው የለም። ከኋላው የቦዳ ልጆች ሞተር ሳይክላቸውን አቁመው መጥተዋል፤ ባለሱቁም ሱቁን ለሚስቱ ጥሎ ወጥቷል። «ሱኩማ፣ ሱኩማ»፣ ግፋ ግፋ፣ እያሉ ሊገፉ የተዘጋጁት ሁሉ እርስ በርስ ተያዩ።

«ምን ማለት ነው አይገፋትም?» አለ ሱራ። «ሳትገፋ መቼ ተነስታ ታውቃለች?»

ያለ ነገር አላለም። የሀዊ አባት ወልደየሱስ ያቺን ነጭ መኪና ይዞ ከሞያሌ ዳበል፣ ከዳበል ሞያሌ ሰው እያመላለሰ ነው ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው። ታዲያ ከጥቂት ወራት ወዲህ መኪናዋ ዓመል አወጣች። አንድ ቀን ቁልፉን ገና ሲነኩት ትነሳለች። በሌላው ቀን ደግሞ ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» ትልና ዝም ነው። መብራቷ ይበራል፣ ሬዲዮዋ ይዘፍናል፣ ሞተሯ ግን ንቅንቅ አይልም። ያኔ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣና ይገፋታል፤ በግፊ ትነሳለች። ያለ አጃቢ ከቤት አትወጣም ብለው «ሙሽሪት» አሏት፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ።

የሚያናድደው ደግሞ ሠሪ ዘንድ ስትደርስ የምታደርገው ነው። እዚያማ ጨዋ ልጅ ሆና ቁጭ ትላለች፤ ደጋግመው ቢያስነሷት ደጋግማ ትነሳለች። እዚሁ ኬንያ በኩል ያለው ፈንዲ፣ ማለትም መካኒኩ ቦሩ፣ «ከማዶ የምትቀዱት ቤንዚን ነው፤ ውሃ አለበት» አለ። ማዶ ተሻግረው ኢትዮጵያ በኩል ላለው መካኒክ ለሂካ ሲያሳዩት ደግሞ፣ «የእናንተ ባትሪ ነው እንጂ የእኛ ቤንዚን ምን አደረገ» ብሎ ተቆጣ። ባትሪው ተቀየረ። ሞተሪኖውም፣ ያ ሞተሩን አሽከርክሮ የሚያስነሳው ዕቃ፣ ተቀየረ። ሙሽሪት ለትንሽ ጊዜ ደህና ከረመችና ወደ ዓመሏ ተመለሰች።

በመጨረሻ ወልደየሱስ እጁን ሰጠ። ትናንት ራት ላይ አንገቱን ደፍቶ ነበር የነገራቸው። የዛሬውን የዳበል ጉዞ እንደጨረሰ መኪናዋን ሊሸጣት አንድ ደላላ ይረከባታል። ያው ደላላ ከሞምባሳ ዕቃ በሚያመላልስ የጭነት መኪና ላይ ሥራ አግኝቶለታል፤ ሰኞ ይሄዳል። የሀዊ እናት ጋዲሴ ሳህኑን አነሳች። ሀዊ ያሰበችው ጓደኛዋን ሻምሳን ነው። የሻምሳ አባት እንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ ነው። ባለፈው ለበዓል ሲመጣ ትንሹ ልጁ «እንግዳ መጣ» ብሎ አልጋ ሥር ተደበቀበት። ሻምሳ ይህን እየሳቀች ነበር ያወራችው፤ ሳቋ ግን እስከ መጨረሻው አልዘለቀም።

«ሀዊ፣ ዞር በይ» አለ አባቷ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ። «ሲስተር ሮዝ ክትባት ይዛ እየጠበቀች ነው። ሰው አታስቁሚብኝ።»

ሲስተር ሮዝ የክሊኒክ ነርስ ናት፤ የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። እዚሁ ሞያሌ ያደገች ኬንያዊት ስለሆነች አማርኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት ነው የለመደችው። «በረዶው ገና ነው፣ ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በሉ» አለች። «ልጅቷ ምን ፈልጋ እንደሆነ እንስማት።»

«አባባ፣ ትንሽ ጊዜ ብቻ ስጠኝ። እምቢ እንዳለች ልያት። ሁልጊዜ እምቢ ስትል ትገፏታላችሁ፣ ከዚያ ፈንዲ ጋ ድና ትደርሳለች።» ወደ ሱራ ዞረች። «ጋሼ ሱራ፣ አንተ ስትገፋት እሷ ትነሳለች፤ በሽታዋም አብሯት ተነስቶ ይሄዳል። እስካሁን ማንም አይቶት አያውቅም።»

«እንግዲህ መርዳታችንም ጥፋት ሆነ» አለ ሱራ ለባለሱቁ። ቅር ብሎታል። ለሙሽሪት ስንት ማለዳ ላቡን ያፈሰሰ ሰው ነው፤ አንዲት ተማሪ መጥታ ዞር በል ስትለው ደስ አይለውም። «እሺ ዶክተር፣ እናያለን።»

የቦዳ ልጆች ሳቁ። የሀዊ ጆሮ ጋለ። ከተሳሳተች ይህ ሳቅ እስከ ትምህርት ቤት በር ድረስ እንደሚከተላት ታውቃለች፤ ሄሉ ውስጥ ወሬ ከቦዳ ይፈጥናል። አባቷንም በሰው ፊት ታሳፍረዋለች። ፈርታለች፣ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ወልደየሱስ ልጁን ትንሽ አያትና በረጅሙ ተነፈሰ። «እሺ፣ ቶሎ በይ» አላት።

ሐሳቡ የመጣላት ሰሞኑን በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ነው። ቲቸር ዴኒስ ሰሌዳው ላይ ባትሪና አምፖል ሣሉ። ባትሪውም አምፖሉም ደህና ሆነው አምፖሉ ለምን አይበራም ብለው ጠየቁ። ክፍሉ በሙሉ ከባትሪው ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ሽቦ ጠረጠረ። እሳቸው ግን በዳስተር ያጠፉት ከአምፖሉ ወደ ባትሪው የሚመለሰውን መስመር ነበር። ኤሌክትሪክ መሄጃ ብቻ ሳይሆን መመለሻም ይፈልጋል። ሀዊ ከዚያ በኋላ የተማሩትን አልሰማችም፤ ሐሳቧ ሙሽሪት ጋ ነበር። ቦሩም ሂካም የመረመሩት መሄጃውን ነው። ባትሪ አዩ፣ ቁልፍ አዩ፣ ሞተሪኖ አዩ። መመለሻውን ማን አየው?

ኮፈኑን ከፈተች። «አባባ፣ የፊት መብራቱን አብራና ቁልፉን አዙረው።»

«ቀጭ» አለች ሙሽሪት። መብራቱ ግን ቦግ እንዳለ ነው። ባትሪው ደክሞ ቢሆን ኖሮ ይደበዝዝ ነበር።

«ባትሪው ጤነኛ ነው» አለች ሀዊ።

ከዕቃ መጫኛው ላይ፣ ባትሪ ሲደክም ከሌላ መኪና ኃይል የሚዋሱበትን ወፍራም ገመድ አወጣች። አንዱን መቆንጠጫ ባትሪው ነጋቲቭ ላይ አስነከሰችው፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ ቀለም ያልነካው ብረት ፈልጋ ደገፈችው። «ጋሼ ሱራ፣ እባክህ ይህቺን ጫን አድርገህ ያዝልኝ።»

ሱራ ገመዱን በጥርጣሬ አየው። «አይዘኝም?»

«አይዝህም። የባትሪ ኃይል ለሰው አይበቃም።»

«ለእኔ ደግሞ ምን ይበቃኛል» ብሎ ያዘው። ሰዎቹ ተጠጉ።

«አሁን አዙረው» አለች።

ሙሽሪት ሳትለመን ተነሳች።

«አጥፋት» አለች ሀዊ። ሱራ ገመዱን እንዲያነሳው አደረገች። ቁልፉ ዞረ፤ «ቀጭ»። ገመዱን አስመለሰችው። ቁልፉ ዞረ፤ ተነሳች። ባለሱቁ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «ያ ረቢ» አለ።

ሀዊ ከባትሪው ነጋቲቭ ወርዶ ሞተሩ ላይ የሚታሰረውን ገመድ፣ ያን መመለሻ፣ በጣቷ እየዳሰሰች ተከተለችው። ላዩ ንጹሕ ነው፤ ማንም ቢያየው አይጠረጥረውም። ባትሪው ከተቀመጠበት ሥር፣ ብሎኑ ጋ ሲደርስ ግን አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። የድሮው ባትሪ አሲድ ሲንጠባጠብበት ኖሯል። መንገዱ ሲንጠው አንዳንዴ ይገናኛል፣ አንዳንዴ ይለያያል። መብራቱና ሬዲዮው መመለሻቸው ሌላ ቀጭን ሽቦ ስለሆነ አይነካቸውም። በግፊ ስትነሳ ደግሞ ሞተሪኖ ስለማያስፈልጋት የገመዱ ጉዳይ አይነሳም።

ወልደየሱስ ወርዶ አጠገቧ ጎንበስ አለና አየ። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መፍቻ አመጣ፤ ሀዊ እሱ ይፈታዋል ብላ ቦታ ስትለቅለት መፍቻውን ወደ እሷ ዘረጋው። «አንቺው ፍቺው» አላት።

ብሎኑ ክርር ብሎ አስቸገራት፤ ማንም አልቀማትም። ፈታችው። ገመዱ መዳብ መዳብ እስኪል፣ ብረቱም እስኪያብረቀርቅ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገችውና መልሳ አጥብቃ አሰረችው። ክንዷ እስከ ክርኗ ጠቁሯል። አባቷ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ተነሳች።

ሱራ የጠቀለለውን እጅጌ ቀስ ብሎ አወረደ። «ሙሽሪት ያለ ሚዜ መሄድ ጀመረች በሉኛ» አለ። «እኔ ደግሞ ከእንግዲህ ማንን ልግፋ?» የሀዊን ትከሻ መታ መታ አደረገና «ጎበዝ፣ ፈንዲ» አላት። የቦዳ ልጆች በዚህኛው አልሳቁም።

«ግቢ፣ አብረን እንሄዳለን» አለ ወልደየሱስ።

ከተማውን ለቀው የዳበልን መንገድ ሲይዙ ሀዊ ከአባቷ ጎን ነበረች። ደስታው አላስቀምጥ ብሏታል። ቢሆንም ከደስታው ሥር አንድ ፍርሃት አለ። ሙሽሪት ድሮም አንዳንዴ ትነሳ ነበር፤ ሰፈር ውስጥ መነሳቷ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ከሁሉም የምትብሰው ረጅም መንገድ ተነድታ ሞተሯ ሲግል ነው። ለዚህ ነው አባቷ ከሞያሌ ከወጣ በኋላ ሞተር የማያጠፋው፤ ዳበል ደርሶ ሰው ሲያወርድም፣ ሻይ ሲጠጣም እንደበራች ነው የሚተዋት።

ቁጥቋጦና ድንጋይ ብቻ ካለበት ስፍራ ሲደርሱ ስልኩ ጮኸ። ወልደየሱስ ጥግ ይዞ ቆመ። ደላላው ነበር። «አዎ... ቆይ፣ እኔው መልሼ እደውልልሃለሁ» አለና ዘጋው። ወደ ሀዊ ዞረ። «መቼ ላስረክበው ነው የሚለው። ምን ልበለው?»

አትሸጥም በለው የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ብትለው ያምናታል፤ ከዓይኑ ታውቃለች። ደግሞ እሷን አምኖ የጭነት መኪናውን ሥራ ትቶ፣ ሙሽሪት በማግስቱ ብትቆምበትስ?

«አላውቅም፣ አባባ» አለች። «እንደጋለች አጥፍተን ካላየናት አላውቅም።»

«እዚህ?» አለች ሲስተር ሮዝ ከኋላ፣ ሳጥኗን አቅፋ። «እዚህ እምቢ ብትል ማን ይገፋታል? ግመሎቹ?»

ራቅ ብለው ጥቂት ግመሎች እሾህ ይቀነጥባሉ። ሌላ ነፍስ ያለው ነገር አይታይም። ወልደየሱስ እጁን ቁልፉ ላይ አድርጎ ልጁን አያት። «እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም» አለች ሀዊ። «ግን አጥፋት።»

አጠፋት። ነፋሱ ተሰማ። አቧራው ቀድሟቸው አለፈ። ከዚያ ወልደየሱስ ከወንበሩ ወርዶ፣ «ነይ፣ አንቺ አስነሺያት» አለ።

ሀዊ በሾፌሩ ወንበር ተቀመጠች። መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ቁልፉን አዞረች። ሙሽሪት ወዲያው ተነሳች። አጠፋቻት። አስነሳቻት። እንደገና አጠፋቻት፣ እንደገና አስነሳቻት። «በቃ ገባን፣ እናቴ፣ ገባን» አለች ሲስተር ሮዝ እየሳቀች።

ወልደየሱስ አልሳቀም። በተከፈተው በር ላይ ክንዱን አስደግፎ ቆሟል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ኮራሁብሽ» አላት። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«ሄሎ... አልሰማህም፣ ቆይ።» ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ወደ ሀዊ በእጁ ምልክት ሰጠ። «አጥፊያት፣ ሞተሩ አላሰማ አለኝ።»

አጠፋቻት።

«አሁን ሰማሁህ። ወንድሜ፣ መኪናዋ አትሸጥም... አይ፣ የዋጋ ጉዳይ አይደለም። ተሠራችልኝ... ማን ሠራት? ልጄ ናታ። ሀዊ ትባላለች፤ ስሟን ያዘው።» አዳመጠ። «ለጭነት መኪናውም ሌላ ሾፌር ፈልግ። እኔ ማታ ማታ ቤቴ ነው የምገባው።»