ስሙን ስጠራ «አለሁ» ያለኝ

እኔ እኮ የጋኔን ወሬ ሲጀመር ጫማዬን ፈልጌ የምወጣ ሰው ነኝ፤ እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ይህ ልጅ ሰይጣን ፊቱ ቢቆም መታወቂያ ይጠይቀዋል» ትለኝ ነበር። አሁንም አመንኩ እያልኳችሁ አይደለም። የሆነውን ልንገራችሁ፣ ፍርዱ የእናንተ ነው።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ሠርግ ሠርግ የነበረበት ጊዜ ነው፤ ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ልጆቻችንም ሳይበተኑ። አሮጌ ቦክስ ነበረችኝ፣ ከኋላ ክፍት የሆነች የጭነት መኪና፣ ቀን ቀን ሰሊጥ እጭንባታለሁ፣ የሠርግ ለት ማታ ደግሞ ጎረምሳና ኮረዳ። እንዴት ጀመርክ ብትሉኝ፣ አንድ ዓመት ሁለት ልጆች ጓሮ ለጓሮ የሚሸጠውን የተምር አረቄ ቀማምሰው ከሠርግ በሞተር ሲመለሱ አስፋልቱ ላይ ቀሩብን። ከቀብሩ በኋላ ወላጆች ተቀምጠን ደንብ አወጣን፤ በሞተር የመጣ ወጣት ሁሉ በር ላይ ቁልፉን ለእቴቴ ዘነቡ ያስረክባል፣ እሷ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥረዋለች፣ ሲወጣ አፉን ታሸተዋለች፣ ንጹሕ ከሆነ ቁልፉን ይወስዳል፣ ካልሆነ ቁልፉ እሷ ዘንድ ያድርና ልጁ በእኔ ቦክስ ቤቱ ይገባል። ማንም አይቆጣውም፣ ለአባቱም አይነገርም። ልጆቹ የሚታዘዙን ለዚህ ነበር።

እቴቴ ዘነቡን ብታውቋት! የሰፈሩ ሠርግ ሁሉ ድግስ አዛዥ ነበረች፣ አፍንጫዋን ማታለል ደግሞ የማይታሰብ ነው፤ ሽታውን ለመሸፈን ቅርንፉድ አኝኮ የመጣውን «አንተ፣ ወጥ ነህ እንዴ? ሂድ ቦክሷ ላይ ውጣ!» ስትለው ግቢው በሳቅ ይፈርሳል። መንገዱ ላይ ደግሞ ልጆቹ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በዐረብኛ እየዘፈኑ፣ ቤቱ የደረሰ የጋቢናዬን ጣሪያ አንዴ ይመታል፣ «ቁም» ማለቱ ነው፣ ከወረደ በኋላ ሁለቴ ሲመቱ «ሂድ» ማለት ነው። ያን ጫጫታ አሁን በገንዘብ ብገዛው እገዛው ነበር።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። እኛ ዘንድ ልጅ አይቆጠርም፣ የተቆጠረ ይጎድላል ይባላል። ጎንደር የቀሩት እናቶቻችንም አይቆጥሩም ነበር፣ እኛም ሱዳን ድረስ ይዘነው መጥተናል። ስለዚህ ስንት እንደተሳፈረ ቆጥሬ አላውቅም፣ ስም እጠራለሁ፣ የተጠራው «አለሁ» ይላል፣ በቃ። ስሕተቱም እዚሁ ላይ ነው።

ያን ለት ሠርጉ ከከተማው ዳር፣ ከትልቁ የእህል ጎተራ ወዲያ ነበር። ሮቤል፣ የእህቴ ልጅ፣ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ በሟች አባቱ ሞተር መጥቷል። እህቴ ከእሱ ሌላ ልጅ የላትም፤ ስንወጣ «አደራ፣ አንተን ነው የማውቅ» ብላኛለች። ማታ ሮቤል አፉ ሸትቶ ቁልፉ እቴቴ ዘነቡ ዘንድ ቀረ፤ ልጆቹ ተሳፈሩ፣ ጨለማ ነው፣ እኔም መሪዬን እንደያዝኩ በመስኮት ስም መጥራት ጀመርኩ።

«ሰናይት!»

«አለሁ!»

«ኢድሪስ!»

«አለሁ ያ ኻሊ፣ ያላ እንሂድ!» አለኝ፤ ኻሊ አጎቴ ማለት ነው፣ እዚሁ ያደጉት ልጆች ሁሉ እንዲያ ነው የሚሉኝ።

«ሮቤል!»

«አለሁ።»

ድምፁ የእሱ ነው፣ ያች ገና መጎርነን የጀመረች ድምፅ። እቴቴ ዘነቡም አጠገቤ ቆማ ሰማች፣ «ተመስገን፣ እሱንስ ፈርቼለት ነበር» ብላ ቋጠሮዋን ፈታች፣ የቀረውን ቁልፍ የቤቱ መስኮት ላይ አስቀምጣ ጎኗን ልታሳርፍ ገባች።

አንድ በአንድ አወረድኳቸው። በመጨረሻ ሰናይት ወረደች፣ የቀረኝ ሮቤል ነው፣ ቤታችን ጎን ለጎን ስለሆነ ሁልጊዜም መጨረሻ የሚወርደው እሱ ነው። ጥቂት እንደሄድን ጣሪያው አንዴ ተመታ። ቆምኩ። «ምነው፣ ሊያስመልስህ ነው?» አልኩ። ወርጄ በስልኬ መብራት ባይ ገመድና ባዶ ጆንያ ብቻ ነው ያለው። ምቱ የገመዱ ነው፣ እሱም ከሰናይት ጋር ወርዶ ይሆናል ብዬ ተናድጄ ነዳሁ።

እንደገና ተመታ። አሁን በትክክል ከራሴ በላይ ነው፣ የጣሪያው አቧራ ፊቴ ላይ ረገፈ። ወረድኩ፣ ማንም የለም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጀምር ግን አላቆመም፣ ቋ ቋ ቋ ቋ። ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ ወደመጣሁበት አዞርኩ። እንዳዞርኩ ዝም አለ።

ሠርጉ ቤት ከመድረሴ በፊት፣ የኮረኮንቹ መንገድ አስፋልቱን የሚገናኝበት ላይ፣ መብራት የሌለው ሞተር እየተንገዳገደ ሲመጣ አየሁ። ሮቤል ነው። መኪናዬን አግድሜ ቆምኩበት፣ ጎኗን መትቶ አቧራው ላይ ወደቀ፣ ያኔውኑ ከኋላዬ አንድ የሰሊጥ ሎሪ ጡሩምባውን እየነፋ አስፋልቱን እያንቀጠቀጠ አለፈ። ሮጬ አነሳሁት። ከጉልበቱ በቀር አልተጎዳም።

«ጥለኸኝ ሄድህ» አለኝ እያለቀሰ። «ከሠርጉ ቤት ግድግዳ ኋላ ወድቄ ነበር፤ ስነቃ ማንም የለ፤ ቁልፉን መስኮት ላይ አገኘሁት።»

አቅፌው እኔም አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

በማግስቱ ልጆቹን ጠየቅኋቸው። ሁሉም «አለሁ» ሲል ሰምተዋል። ሰናይት «ከጎኔ ሆኖ ነው የመለሰ» ብላ ትምላለች፤ ከጎኗ ግን ኢድሪስ ነበር የተቀመጠው። ደግሞ የሚከነክነኝ ሌላ ነው፣ የመለሰልኝና ጣሪያውን የመታው አንድ ነው ወይስ ሁለት? አንደኛው ልጁን ሊያስቀርብኝ፣ ሌላኛው ሊያስመልሰኝ ቢሆን ይሻለኛል። አንድ ከሆነ ምን ፈልጎ እንደነበር ማሰብ አልወድም።

አሁን እቴቴ ዘነቡ ዐርፋለች፣ ቦክሷ ተሸጣለች፣ ልጆቹም ግማሹ ቱነይድባ መጠለያ፣ ግማሹ የት እንዳለ እንጃ። ሮቤል መተማ ገብቷል፣ አግብቷል። ባለፈው ሰሞን ደወለልኝ፣ ስለ ድሮው ሠርግ ስንስቅ ቆየንና ድንገት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ኻሊ፣ ያን ለት ስሜን ስትጠራ እኮ ሰምቸሃለሁ። "አለሁ" ልል አፌን ስከፍት ቀዝቃዛ እጅ አፈነኝ።»

«ስካር ነው ልጄ» አልኩት። «ስካር የማያሳይህ የለም።»

«ይሁን፣ እኔስ ወላሂ ሰክሬ ነበር» አለኝ። «አንተስ ኻሊ፣ አንተ ምን ጠጥተህ ነው የሰማኸኝ?»

መስመሩ ተቋረጠ፣ እኔም መልሼ አልደወልኩም።