በዝናብ ሰዓት የሚዘጋው መስኮት

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የወንዝ ዳሯ ከተማ የቤሌም ሰማይ እንደ ልማዱ ጠቁሮ ዝናቡን ለቀቀው።

ኦስማር ከደሴቶቹ የዘንባባ ፍሬ በጀልባ እያመጣ ገበያ የሚያራግፍ ወጣት ነው። ያን ቀን ከዝናቡ ሸሽቶ ናዛሬ ፀጉር ቤት ገባ። መስኮቶቹ ተዘግተዋል፤ እርጥበት ያገኘው የተተኮሰ ፀጉር መልሶ ይንጨባረራልና፣ እዚያ ቤት ዝናብ ሲጥል መስኮት አይከፈትም። የጋለው የፀጉር መተኮሻ ፔስትራ ፎርማሊን የሚባል ኬሚካል የተቀላቀለበትን ቅባት ሲነካ ነጭ ጭስ ይነሣል። የኦስማር ዓይኖች እንባ አቀረሩ።

«ማን ሞቶብህ ነው?» አለችው ፔስትራውን የያዘችው ልጅ።

«ገና አልተነገረኝም» አላት።

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ በመስታወቱ ውስጥ ብቻ አየችው። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ዓይኗ ወደዚያው ተመላለሰ። ስሟ ማሪልዳ ነው፤ የቤቱ ባለቤት ናዛሬ አክስቷ ናት፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻትም እሷው ናት።

በቤሌም ሰው የሚቀጣጠረው ከዝናብ በፊት ወይም ከዝናብ በኋላ ብሎ ነው። ሁለቱ ከዝናብ በኋላ መገናኘት ጀመሩ።

አንድ ቀን በወንዙ ዳር ዓይኗን እንድትጨፍን ነገራትና የተፈለጠ ኩፑዋሱ አፍንጫዋ ሥር ያዘላት። ሽታው ከጎረቤት ቤት የማይሰወር ፍሬ ነው።

«ምንድን ነው?» አላት።

ደጋግማ አሸተተች።

«ማንጎ» አለች በመጨረሻ።

ዓይኗን ገልጣ ፍሬውን ስታይ ለመሳቅ ሞከረች። እሱ አልሳቀም። ለአክስቷ እንኳ ያልተናገረችውን ያኔ ነገረችው፤ ማሽተት ካቆመች ቆይታለች፤ አንዳንድ ጠዋትም ይነስራታል።

ሐኪም ዘንድ አብረው ሄዱ። ሐኪሟ በጥንቃቄ ተናገረች። ፎርማሊን ለብዙ ዓመት የሚተነፍሰውን ሰው ለካንሰር ሊዳርግ እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ማሪልዳን ይይዛታል ወይም አይይዛትም ብሎ መናገር ግን ማንም አይችልም። ለጊዜው ምንም እባጭ አልታየም። ማድረግ ያለባት ከጭሱ መራቅ ነው።

ናዛሬ ይህን ስትሰማ ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ ጭስ ውስጥ ኖራ ምንም እንዳልሆነች ተናገረች። ዓይን ያላቃጠለ ቅባት ፀጉር አያቃናም፤ ደንበኞቹም የሚያምኑት ይህንኑ ነው። የጥቅምቱ የእመቤታችን በዓል ደግሞ ደርሷል፤ የከተማዋ ሴት ሁሉ ፀጉሯን መተኮስ ትፈልጋለች።

«በዓሉ ይለፍ» አለች ማሪልዳ።

«ከዚያ ደግሞ የገና በዓል ይመጣል» አላት ኦስማር።

«ምናልባት ለሚባል ነገር ያሳደገችኝን ሴት ልጣላት?»

ኦስማር በማግስቱ በዝናብ ሰዓት ፀጉር ቤቱ መጥቶ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ።

«ፀጉርህ አጭር ነው፤ ምን ልትሠራ መጣህ?» አለችው ናዛሬ።

«ልተነፍስ ነው እትዬ።»

በየቀኑ መጣ። ሴቶቹ ከሙሽራይቱ በፊት ሙሽራው ሊተኮስ ነው እያሉ ቀለዱበት። ዓይኑ ቀላ፤ ከዚያም ያስለው ጀመር። ማሪልዳ በጆሮው ሹክ ብላ እንዲወጣ ለመነችው።

«አንቺ ስትወጪ እወጣለሁ» አላት።

«የአንተ ሥራ እኮ አይደለም።»

«አንቺ ግን እዚህ ነሽ።»

በበዓሉ ዋዜማ ቤቱ ሞልቷል። ውጭ ዶፍ ይወርዳል። የአንዲት ደንበኛ ፀጉር ገና ግማሹ ተተኩሷል። ኦስማርን ሳል ያዘው፤ አልለቅም አለው። ማሪልዳ በመስታወቱ ውስጥ ጎንበስ ሲል አየችው። «ምናልባት» የሚለው ቃል ለራሷ ስታስበው ቀላል ነበር። ለእሱ ስታስበው መሸከም አቃታት።

ፔስትራውን አስቀመጠች። ሄዳ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ነፋሱ ዝናቡን ይዞ ገባ። የተተኮሰው ፀጉር መንጨባረር ሲጀምር ደንበኛዋ ከወንበሯ ተነሣች።

«ዝጊው» አለች ናዛሬ።

«አልዘጋም፣ አክስቴ።»

«እንግዲያው ሽርጡን አውልቂ።»

አወለቀች፤ አጥፋም ወንበሩ ላይ አኖረችው። በዚያ አገር ልጅ ከቤት ሲወጣ የታላቁን ምርቃት ይጠይቃል።

«መርቂኝ፣ አክስቴ።»

ናዛሬ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ከዚያ ወዲህ ማሪልዳ በተከራየችው ቤት በረንዳ ላይ ፀጉር ትቆርጣለች፣ ትሠራለች፤ ከርዳዳውን እንደ ከረደደ ታሳምረዋለች። ደንበኞቿ ጥቂት ናቸው። ኦስማር ጀልባውን አራግፎ ሲመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ ተጋቡ። ናዛሬ ሳትጠራ ከማለዳው መጣች። የሠርጉን ዳክዬ ራሷ ሠራች፤ ማሪልዳን አቅፋ አለቀሰች፤ ከኦስማር ጋር እስኪመሽ ጨፈረች።

ሰኞ ጠዋት ናዛሬ ፀጉር ቤቷን ከፈተች፤ በስምንት ሰዓት ዝናቡ ሲመጣም እንደ ወትሮው መስኮቶቹን ዘጋች።